ዘንበል ያለ መዝገብ

ከታቦር ተራራ ሥር፣ አራተኛ «ለ» ክፍል፣
የልጅ ወንበር ላይ ነኝ፣ ጉልበቴ ደረቴን ሲያክል።
አምስተኛ ዙሬ ነው፣ መራጭ ስመዘግብ፦
ስም፣ ዕድሜ፣ የቤት ቁጥር፤
ፊርማ ላልቻለ ጣት፣ ወይን ጠጅ ቀለም ማቅረብ።

የመጀመሪያው መዝገብ ስስ ነበር፣ እንደ ደብተር፤
ከሐይቁ ዳር ሰው በቀር ሌላ ስም አልነበር።
መረብ ጠጋኙ ሐሜሶ፣ ቀዛፊው ለዳሞ፣
ዓሣ ገፋፊዋ ቡሼ፣ ባሏ ሁሌ ከእሷ ቀድሞ።
ስማቸውን ሳይጠሩ እጄ ይጽፈው ነበር፤
ድምፃቸው ሳይቆጠር ሰፈር ያውቀው ነበር።
«ይህ ቀበሌ የጀልባ ነው» ይሉኛል «ከጥንት ከሥሩ፤
መሰላል እዚህ ምን ሊወጣ? ዝቅ ያለ ነው ጣሪያው፣ በሩ!»

ጀልባና መሰላል፣ የሁለቱ ምልክት ነው፤
ስማቸውማ ረጅም ነው፣ የሚያስታውሰው ማነው።

በአራተኛው መዝገብ ለዳሞን በቀይ ሰረዝኩት።
የቡሼ ልጅ ደቡብ አፍሪካ ገባ፤ እሱንም ሰረዝኩት።

ከዚያ ፋብሪካው ተተከለ፤ ልጆቹ ወረዱ
ከቦዲቲ፣ ከዱራሜ፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከጭሬ፣
አንድ ፍራሽ፣ አንድ ባልዲ፣ በፌስታል ቆሎና ጥሬ።
ሐሜሶም ጀልባውን ሸጠ። በገንዘቡ ብሎኬት፣
በብሎኬቱ ስምንት ክፍል፣ በየክፍሉ አራት፣
አንዷ ከሌሊት ሥራ ስትገባ አንዷ የምትነሣበት፣
የማይቀዘቅዝ ፍራሽ።

የቤት ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት
በሦስተኛው መዝገብ አንድ መስመር ነበር፤
ዘንድሮ ሠላሳ አንድ ሆነብኝ።
እስክሪብቶዬ አለቀ፤ ሌላ አመጡልኝ።

ማታ ላይ ወኪሎቹ መጡ፣ ለመታዘብ፣
አሞራ ገደል አንጀት እንደሚጠብቅ አባ ኮዳ
አንገታቸውን ቀብረው።
የጀልባው ሰው ጣቱን በምላሱ አርሶ
ገጽ ይገልጣል፤ የአባት ስም ይለቅማል፣ እንደ ምስር፦
«ይኼ ከእኛ... ይኼ ከነሱ... ይኼስ? ኤርጃቦ የማን ነው?»
የመሰላሉ ሰው አይለቅምም። ቀን ላይ ቆጥሮ መጥቷል፣
አጥር ላይ የተሰጣውን የሠራተኛ ሽርጥ።
«እንግዲህ» አለ እየሳቀ «ቀበሌያችሁ ዘመመች።»
እኔ ሞኝ፣ ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ።

ሐሜሶንም በር ላይ ያዙት፣ ሁለቱም በየፊናቸው።
«ቤቱን ጀልባዬን ሸጬ ነው የሠራሁት፤
ዘይቴን የሚገዙልኝ ግን ተከራዮቼ ናቸው።»
ከዚያ በላይ አልጨመረም።
ሁለቱም ወደ ራሳቸው ቆጠሩት።

በመጨረሻው ቀን፣ ልዘጋ ስል፣
መሠሉ ጋንታ መጣች፣ ቅንድቧ ላይ የክር ብናኝ።
«ስንት ወር ነው የሚጠየቀው?»
«ስድስት።»
ጣቷን አጠፈች፣ ዘረጋች።
«ዳቶ ሁለት ወር፣ ጨፌ ሦስት፣
እዚህ አራት ወር ከሳምንት፤
ኪራይ በጨመረ ቁጥር ፍራሼን ተሸክሜ።
አይደመርም?»
«አይደመርም።»
«ታዲያ የት ነው የምመርጠው?»
መታተሚያውን ከደንኩ፣ መልሼ ከፈትኩ።
«ለነገሩ» አለች «ምርጫስ መች ኖሮኝ ያውቃል፤
ሠፈሬን የሚመርጥልኝ የቤት ኪራይ አይደል?»

ወኪሎቹ ተያዩ።
ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አሰቡ መሰለኝ፦
እንዲህ ያለው ስንት ነው?

መዝገቡን ዘጋሁ። ሠላሳ ሁለተኛዋ መስመር
ባዶዋን ቀርታለች፤
መቼ እንደዘለልኳት እንጃ።

በድምፅ መስጫው ማለዳ፣ ሰልፉ ገና ሳይረዝም፣
አንድ ባጃጅ አለፈ፤
ጣሪያው ላይ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ ባልዲ፣
በላስቲክ ገመድ የታሰረ።
ወደ አላሙራ ታጠፈ።
መታጠፊያው ላይ ፍራሹ ዘንበል አለ፣
አልወደቀም።