ክዳን

ቦጎሚር ፒያኖ ቃኚ ነው፤ ዕድሜው ሰባ አንድ፣
ቤቱ ፕቱይ ከተማ፣ ወደ ድራቫ ወንዝ በሚወርድ ጠባብ መንገድ።
ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ ዓመት የከረመ ኮምፒውተር አለ፤
ማራገቢያው ከ«ሶል» ትንሽ ዝቅ ብሎ ሲያዜም የዋለ።
(ይህን ማንም አልነገረው፤
ሰውየው መላ አካሉ ጆሮ ነው።)

ሆዱ ውስጥ ሦስት መቶ አርባ ፒያኖ ተመዝግቧል፦
የመምህርት ቭላስታ፣ «ግራው ፔዳል ያቃስታል»፤
የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ፣ «እርጥበት በልቶታል፣ በጥቅምት ተመለስ»፤
የሆቴሉ፣ «ቢራ ጠጥቷል። ከባለቤቱ ጋር አትጨቃጨቅ። ጨርሰህ ገስግስ።»

ኅዳር ላይ በአንድ ማለዳ መስኮት ድቅን አለበት፤
«ማሽንዎ ለአዲሱ አይመጥንም፤ ሌላ ይግዙ» ብሎ ፈረደበት።
ሳቀ ቦጎሚር፦
«እኔ የመቶ ሃያ ዓመት ፒያኖ ከሞት ጠርቼ፣
ክሩን ለውጬ፣ መዶሻውን ሞርጄ፣
ሠርግ አስጨፍሬበታለሁ፤
ይህን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ምን ሆነ ብዬ እቀብራለሁ?»

ግን ክዳኑ አይከፈትም። ይኸው ነው የከነከነው፤
ተጫወት እንጂ ውስጤን አትይ የሚል ፒያኖ የት ነው የታየው?
ሚስማር የተመታበት፣
ባለቤቱም እንግዳ የሆነበት።

ከታች ፎቅ ኔዣ መጣች፤ ፖስታ ቤት ነው የምትሠራው፤
አውራ ጣት የምታህል ፍላሽ ከካፖርቷ ኪስ አውጥታ አሳየችው።
«ሊኑክስ ይባላል። ነጻ ነው።»
«የነጻ ነገር አልወድም፤ ኋላ ነው ዋጋው የሚመጣው።»
«እኔ መቼ ‹በነጻ› አልኩዎት? ‹ነጻ› ነው ያልኩት፤
‹በ›ን ይጣሏት።»
ማክሰኞ ማታ፣ ምድጃ ላይ የጣደው ሾርባ ሳይፈላ፣ ተጭኖ አለቀ።

እርግጥ ነው፣ ወዲያው አልተዋደዱም።
ማተሚያው ዘጠኝ ቀን አኮረፈ፤ አንድ ወረቀት አልተፋም።
ሰውየውም ቤት እንደ ቀየረች ድመት
ጥግ ጥጉን ሲያሸት ከረመ፣ ቀን ከሌሊት።
በአሥረኛው ቀን ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ
ኔዣ የጻፈችለትን መስመር ፊደል በፊደል ገለበጠ።
«ፈቃድ የለዎትም» አለው።
«በገዛ ቤቴ?!» ጩኸቱ ታች ፎቅ ድረስ ተሰማ።
በፒጃማ ወጥታ መጣች፤ «ባለቤቱ እኔ ነኝ ይበሉታ፤
የይለፍ ቃልዎን ይንገሩት እስቲ።»
ነገረው።
ማተሚያው ጉሮሮውን ጠረገ፣
የመምህርት ቭላስታን ደረሰኝ ከነቀኑ፣ ከነዋጋው አወጣ።

የካቲት ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ ፕሮግራም
በገዛ ቋንቋው እንዲህ አለው፦
«ለመቀጠል ማንኛውንም የበር መክፈቻ ይጫኑ።»
ሃምሳ ዓመት ጣቱ የፒያኖ ጥርስ ላይ የኖረ ሰው!
የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠው፤
ብቻውን ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ።
ከዚያ ግን ጻፈ፤ «ይህ ጥርስ ነው እንጂ የበር መክፈቻ አይደለም፤
ትክክለኛው ስሙ ይኸው» ብሎ ለማያውቀው ሰው ላከ።
በአራተኛው ቀን መልስ መጣ፣ ከአንዲት የሌሊት ተረኛ ነርስ፤
«ልክ ነዎት። ያን ገጽ የተረጎምኩት እንቅልፍ እየጣለኝ ነበር። ታርሟል።»

ፋሲካ ሊደርስ ሲል እድሳቱ ወረደ፤ ያቺ ቃሉም እዚያ ተቀምጣለች፣
ፊርማ የላት፣ ደመወዝ የላት፤
ማን ያውቃል በየትኛው መንደር የማንን ጣት ታዛለች።

ያን ዕለት ካቻቢቴ አነሣ። የጀርባውን ስምንት ብሎን ፈታ፣
የአሥራ አንድ ዓመት አቧራ በቀለም ብሩሽ ጠርጎ፣
መልሶ አሰረና አስነሣው፤ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።
«ሶል» አልሆነም።
ቀርቧል።