ሦስት እጥፍ

ራት ተነሥቶ ጠረጴዛው ሲወለወል
ሃሊና ሥራ ትገባለች፤ ሳትጠራ፣ ሳይደወል።
የትራስ ልብስ በትከሻዋ፣ ቦርሳዬ ነው ያለችው፣
ከምግብ አዳራሹ በለቀመችው ሶፍት አጭቃ የሞላችው።
አንዱን ታወጣለች። ሦስት ቦታ ታጥፈዋለች፣
በአውራ ጣቷ ጥፍር ጠርዙን ትተኩሰዋለች፣
ከበር አንድ ትጀምራለች።

ሃያ አራት በር። በየበሩ ሥር
አንድ ሶፍት ታሾልካለች፤ ወገቧን ይዛ ቀና ስትል፣ የምትለው አጭር፦
"ፖስታ!"
ውጭው ኤድመንተን ነው፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት፤
መስኮቱ ከውስጥ በኩል አመዳይ አብቅሏል፣ የሌሊት ሽበት።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከመቶ አሥራ ስምንተኛው ጎዳና እስከ ወንዙ አፋፍ
ደብዳቤ አመላልሳለች፤ ውሻ ነክሷታል፣ የጣቷን ጫፍ በልቶታል የብርዱ አፍ።
ይህን የነገረኝ ልጇ ነው፣ በስልክ፣ ከቫንኩቨር።
እኔ ግን ከእግሯ አውቄው ነበር፦
ምንጣፉን እንኳ አታምነውም፤ ግግር በረዶ ላይ እንዳለች
ሙሉ ጫማዋን እያሳረፈች፣ ቀስ ብላ ትረግጣለች።

እኔን "አለቃ" ትለኛለች።
"አለቃ፣ መንገዱ ያዳልጣል፤ ዛሬ ዘገየሁ" ትለኛለች።
መጀመሪያ ሰሞን "አለቃ አይደለሁም" እላት ነበር፤ ታለቅሳለች።
ኋላ ተማርኩ። "ግድ የለም፣ ቦርሳው ከባድ ነው" ስላት
ቀጥ ትላለች፤ የወገብ ሕመሟን ራሱን ትረሳዋለች፤
ለዚህስ በጀ መርሳት።

ቅጹ ግን ለፖስታ ሳጥን የለውም።
በላች? ታጠበች? ሽንት ቤት ሄደች? ወደቀች? ብዙም አያልፍም።
ከታች "መዟዟር" የሚል አለ፤ እሱ ላይ ጭረት አሰምራለሁ፣
ሰባት ሌሊት ሰባት ጭረት፣ በገዛ እጄ አሰልፋለሁ።
ሁለት ነን፣ ለሃያ አራት ሰው። አንዱን አጥበን ሳናበቃ
ሌላው ደወል ይጫናል፤ ሌላው፣ ደወል ምን እንደሆነ ረስቶ፣
እርጥብ አንሶላ ላይ ሲነቃ
ዝም ብሎ ጣሪያ ያያል።

"ሶፍቱ ያንሸራትታል፣ ሰው ይሰበራል" አለች ማሪቬል፣ ነርሷ።
ክፉ ሆና አይደለም፤ በዚያ ወር ሦስት የዳሌ ስብራት የመዘገበች እሷው ራሷ።
ሐኪሙ ሰኞ መጣ፤ ጭረቶቼን ቆጠረ፤
"ግማሽ ፍሬ፣ ከራት በፊት" ብሎ ወደ ሌላ ፎቅ ተሻገረ።

"ተሻላት" ይላል መዝገቡ።
ወንበሯ ላይ ናት፤ አገጯ ደረቷ ላይ፤
ጣቶቿ ብቻ አልፎ አልፎ ሲነሡ
የሌለ ነገር ሲያጥፉ አያለሁ።

የቁጥጥሯ ሴትዮ ሐሙስ መጣች። ያን ቀን ስድስት ነበርን፤
ሾርባው ተነነ፤ አዲስ መጋረጃ ሰቀልን።
ሃሊናን አየቻትና "እንዴት ያለች የተረጋጋች!" አለች፣
ጥሩ ነጥብ ሰጠች፣ ካፖርቷን ለበሰች፣ ሄደች።
ማስታወስ እነሱን ከዳቸው እንላለን፤ ማስታመምስ ማንን?
አላውቅም። ዓርብ ማታ ተመልሰን ሁለት ሆንን።

አሥራ አራት ቁጥር፣ ሚስተር ላሮክ፣ በሩን ከፍቶ ቆሟል፣
ፒጃማው ላይ ክራባት አስሯል።
የሚስቱን ስም ካጣው ሁለት ዓመቱ፤ ምሳ መብላቱን አያውቅም።
"ፖስታ የለም እንዴ?" አለኝ። "አምስት ቀን ሆነ እኮ፤ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።"
አምስት። እኔ አልቆጠርኩም ነበር። እሱ ቆጥሯል።
መሳቢያውን ሳበው፦ ሶፍት፣ በላስቲክ ታስሮ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ተደርድሯል።
"ምን ይላል?" ብለው
"እሑድ ነው የማነበው" አለና ዘጋው።

ሮጥኩ። ሶፍት አመጣሁ፣ አጠፍኩ፣ በሩ ሥር አሾለኩ፤
"ፖስታ!" አልኩ፣ ድምፄን አቅጥኜ።
ጸጥታ። ከዚያ ያው ሶፍት ተመልሶ ወጣ ወደ እኔ።
"ይሄ የሷ አይደለም" አለ በሩ። "ሁለት እጥፍ ነው።"

ቅጹን አወጣሁ። ከ"መዟዟር" ፊት ባዶ ነው፣ አምስት ሌሊት።
"ተጨማሪ" ከሚለው ሥር፣ መስመሩ ስላልበቃኝ፣
ኅዳጉን ይዤ ሽቅብ ጻፍኩበት፦
የአሥራ አራት ቁጥሩ ሰው ደብዳቤ ይጠብቃል።