የጀልባ ጋጣ

ወንበር የምደረድር እኔ ነኝ፤ መቶ ሃያ አሉኝ በቁጥር፣
ዛሬ ግን ሦስት መቶ ሰው መጣ፤ ገሚሱ ቆመ ከግድግዳው ሥር።
ውጭ ነፋሱ ተነሥቷል። ትሪየስቴ ስሙን ቦራ ትለዋለች፤
እኔ በሰማሁት ቁጥር ግንባሯ ነጭ ፈረስ ትመጣለች።
ባሕሩም አላሳፈረኝም፤ ማዕበሉ ሁሉ ቦራ ግንባር፣
እየጋለበ ይመጣና ይፈነዳል ከደንጊያው ዳር።

ጉዳዩ ማሪና ነው። ባማርኛ ልበለው፦ የጀልባ ጋጣ።
ለሁለት መቶ ጀልባ ማሰሪያ፣ ከከተማው ካዝና የሚወጣ
ዘጠኝ ሚሊዮን ዩሮ፤ መሀል ከተማ፣ ከአሮጌው መጋዘን ፊት፣
ዓሣ አጥማጅ ከሚያንቀላፋበት፣ ልጆች እግር ከሚነክሩበት።

ሞዴሉን ጠረጴዛ ላይ አኖሩት፤ ውሃው ሰማያዊ መስተዋት፣
ምሰሶው የጥርስ መጎርጎሪያ፣ ሰዎቹ ጥፍር የሚያህሉ፣ ሁሉም ወጣት።
አንድም ሽማግሌ የለ፣ ከዘራ የያዘ፣ የሚያስል፤
አርክቴክቱ በዘንግ ሲያሳይ ድምፁ ቅቤ የጠጣ ይመስል።

«ገንዘብ ገንዘብን ይወልዳል» አሉ ምክትል ከንቲባው ተነሥተው፣
«አንድ ጀልባ ሲታሰር ሦስት ቤት ይጠግባል» አሉ ጣት ቆጥረው።
ከኋላ አንዱ «የበኩር ጥጃውን ማን አየው?» ሲል አዳራሹ ሳቀ፤
ማይክሮፎኑ ሁለት ጊዜ ጮኸና የሰውዬው ጉሮሮ ደረቀ።

ኦንዲና መምህርቷ መጣች፣ ባዶ ባልዲ አንጠልጥላ፤
ከሞዴሉ ጎን አኖረችው፤ ሰው ሁሉ እስኪያየው ጠብቃ፣ ዝም ብላ።
«ሦስተኛ ክፍል ጣራው ያፈሳል። ልጆቼ ዝናብ ሲመጣ
ይቺን በተራ ይደፋሉ። ባሕርስ እኛም ዘንድ አለ፤ የጎደለን ጋጣ።»

ሊቪዮ ግን ተነሣ። አውቀዋለሁ፤ መርከብ ቀለም ቀቢ ነበር፣
መሥሪያ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ የሚኖር።
«ጣራ፣ ጣራ ትላላችሁ። ከጣራው በታች ማን ሊቀር ነው?
ልጄ ግራዝ ሄዷል፤ የእህቴም ልጅ፤ ያስተማራችሁት ሁሉ መንገደኛ ነው።
ሀብታም አልወድም። ግን የሀብታም ጀልባም ይዝጋል፣ ይላጣል፤
ብሩሽ ይፈልጋል። ብሩሽ ደግሞ እጅ ያመጣል።»

ማንም አላጨበጨበ፣ ማንም አላፏጨ። ባዶው ባልዲ እንኳ
ትንሽ ያፈረ መሰለኝ። የኔም ልጅ አቤኔዘር በር ሲያንኳኳ፣
ሰባት ማመልከቻ ጽፎ፣ መልስ የለም።
ሁለት ልብ ሆንኩ፤ አንዱ ባልዲው ጋ፣ አንዱ ሊቪዮ ደጅ።
ወንበር ደርዳሪ ልብ የለውም አይሉም፤ አይጠይቁትም እንጅ።

በመጨረሻ ኔሪና። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። በየጠዋቱ፣ በጥርም፣
ከመጋዘኑ ደረጃ ትወርዳለች፤ ጠልቃ ትወጣለች፤ አትንቀጠቀጥም።
ማይክሮፎን አልፈለገችም። «ይህን ብቻ ነው ያልገባኝ፤
በሥዕሉ ላይ ደረጃው የለም። እግሬን የት ላኑር? ማን ይንገረኝ?»
አርክቴክቱ ወረቀት አገላበጠ። ጸሐፊዋ ሰዓት አየች።
ውጭ ቦራ የአዳራሹን በር በኮቴዋ ደበደበች።

ድምፅ ሊሰጥ ነበር፤ አልተሰጠም። አንዱ ታሟል፣ አንዱ ወጥቷል፤
«ምልዓተ ጉባኤ የለም» ተባለ፤ ነገሩ ለመጋቢት ተቀጥሯል።
ሕዝቡ ወጣ፣ እየተከራከረ፣ ባርኔጣውን ለነፋስ እያስነጠቀ፤
ሊቪዮ የኔሪናን ክንድ ደግፎ ወረደ፤ ጭቅጭቃቸው ግን አላለቀ።

እኔ ወንበር አጠፍኩ። መቶ አሥራ ዘጠኝ፤ የአንዱ እግር ተሰብሯል።
ባልዲውን የወሰደ የለም፤ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል።
ሞዴሉን በጨርቅ ስወለውል አንዲት ሴት ወለሉ ላይ አገኘሁ፣
ሙጫዋ ለቋት የወደቀች፤ ወጣት ትሁን አሮጊት አልለየሁ።
ቦታዋን ፈለግኩ። የሙጫ ነጥብ ሦስት ነው፤ የቷ እንደሆነች አላወቅሁም።
ከመስተዋቱ ዳር አቆምኳት፣ ደረጃው መኖር ባለበት። ማንንም አላማከርኩም።

መብራት አጠፋሁ። በሩን ስከፍት ቦራ በግንባሯ ገፍታ ገባች፤
ቆማ ትደር፣ ትውደቅ፣ እንጃ፤
ከኋላዬ፣ ባልዲው ውስጥ፣ አንዲት ነገር ጠብ አለች።