መብራት ሲጠፋ

ደምበጫ ከተማ፣ ከገበያው በላይ፣
ወፍጮ ቤት አለችኝ፣ ሰው ከሰው የማያስለይ
ብናኝ የሞላባት፣ ቆርቆሮዋ የዛገ፣
ጩኸቷ ሰባት ዓመት አፌን የሸሸገ።

አፍ ግን ነበረኝ ድሮ። አኩፋዳ አንግቤ
ዋሸራ ድረስ ሄጄ፣ ለቅኔ ተርቤ፣
ጉባኤ ቃና ቆጥሬ፣ ዘአምላኪየ ዘርፌ፣
መምህሬ ፊት እንኳ ያልተሳሰረ አፌ፣
በግዕዝ ስለ እርሱ ሺህ ጊዜ ተቀኝቶ፣
ባማርኛ አንድ ቃል ለሰው መንገር ፈርቶ!

መካኒኬ ስንሻው ከቡሬ የመጣ ነው።
ዝምታው ምንም አይል፤ ሳቁ ነው የሚያስፈራው።
ዘይት የጠጣ ጨርቅ ትከሻው ላይ ጥሎ
ሞተሬን ያክማል፣ እንደ ልጅ አባብሎ።
ሚስቱ በወሊድ ሄደች፤ ሕፃኑም አልተረፈ፤
ከዚያ ወዲህ ደጀ ሰላም ረግጦ አላለፈ።
"ተመስገን በል" ሲሉት እጁን ይጠርጋል፤
"አድራሻው ጠፍቶኛል" ይላል፤ ይስቃል።

አድራሻው እኔ ጋ ነበር።
ከሚዛኑ ጀርባ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣
ወንጌል ሰቅያለሁ፣ "ብናኝ አይንካው" ብዬ።
(ውሸቴን ነው። ሰው እንዳያይብኝ ብዬ።)
አንድ ቅዳሜ አየና፣ "ያ የታሰረው ምንድን ነው?"
"የዱቤ መዝገብ ነው" አልኩ፤ ምላሴ ነው የቀደመው።
"ዕዳ በዝቶበታል?" "በጣም!" ብዬ ዞርኩኝ፤
ምንም የሌለበት ወንፊት አራገፍኩኝ።

ዛሬ እነግረዋለሁ። አይ፣ ሞተሩ ይጮኻል።
ነገ እነግረዋለሁ። ነገማ ገበያ ነው፣ ሰው ይበዛል።
ለፋሲካ... ለፋሲካ ደግሞ ጠጥቶ ይመጣል።
እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰባት ፋሲካ አለፈ፤
ያለ እህል የሚዞር ድንጋይ ራሱን ገፈፈ።

እውነቱ ሌላ ነው፤ ሳቁ አይደለም የያዘኝ።
ሚዛኔን ያውቃታል፤ ጠግኖ እርሱ ነው የሰጠኝ።
ከኩንታሉ ላይ ሁለት ኪሎ እንደምትበላ
ያውቃል፤ ዝም ይላል። "ጽድቅ" ልለው ነው ኋላ?

በሰኔ፣ አንድ ማታ፣ መብራት ድርግም አለ።
ሞተሩ ተነፈሰ፣ ደግሞ ተነፈሰ፣ ዝም አለ።
ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ብቻ።
"ልሄድ ነው" አለኝ ስንሻው ከጨለማው ውስጥ ሆኖ፤
"ፓዌ ሥራ አገኘሁ፤ ነገ ነው ጉዞዬ ተወስኖ።
ያስፈጨሁት ዱቤ አለ፤ ዕዳ ይዤ አልሄድም እኔ።
ያን መዝገብ አውርደውና ስሜን ፈልግልኝ፣ ወገኔ።"
የስልኩን ባትሪ አብርቶ ጆንያው ላይ ተቀመጠ።
ፌስታሉን ስፈታ እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ቋጠሮው እምቢ ቢል በጥርሴ ተቆረጠ።

አየው። "ይኼ መዝገብ አይደለም።"
"ነው" አልኩት። "የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው፤
በየኩንታሉ ሁለት ኪሎ፣ የሰባት ዓመቱን ደምረው።
የአንተም አለበት፣ የሁሉም አለበት፤
ግን እየው፣ ተሰርዟል፤ ከፋይ መጥቶበት።"

ቅኔ አልነበረም። ሰሙን ከየት ላምጣው?
ወርቁ ነበር ብቻ፣ ጭቃ እንደ ያዘ የወጣው።
ድምፄ ይሰበር ነበር፣ ቃሉ ይጠፋኝ ነበር፤
ዋሸራ ቢሰማኝ ባለንጋ የሚያባርር።

"የሚስቴስ?" አለኝ ቀስ ብሎ። "የእናኑስ ሞት?
እርሱስ በማን ስም ነው የተጻፈበት?"
"አላውቅም" አልኩት።
ይኼን ቃል በየትም ጉባኤ አልተማርኩት።
እርሱም አልሳቀ።
ባትሪው እጁ ላይ ነበር፤ ፊቱን አላየሁት።

ድንገት መብራት መጣ። ሞተሩ አጓራ፤
ያ የድሮ መሸሸጊያዬ፣ ስሜን እንደሚጠራ።
እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ እፎይ ብዬ ነበር፤
መጽሐፉን ከድኜ ወደ ሚዛኔ ልዞር።

ስንሻው ግን ተነሣ፤ ወደ ግድግዳው ሄደ፤
ትልቁን ማጥፊያ ይዞ ቁልቁል አወረደ።

"ቀጥል" አለኝ።