የመጠይቁ ጀርባ

ሐርማታን ከርሟል፤ የሰሐራ አቧራ በወንፊቱ ገብቶ
ነጩን ሁሉ አወየበው፣ አንሶላ ላይ ተኝቶ፣ አምፖል ላይ ተኝቶ።
በዚህ ሌሊት፣ እዚህ ኦግቦሞሾ
ቢጫ ያልሆነ ነገር የለም፤
ስለዚህ ሕፃኑን በባትሪ አየሁት፤ ዓይን ብቻውን አይታመንም።

ጠይም ገላ ምስጢር ይይዛል።
ድዱን ገለጥሁ፤ መዳፉን፣ ተረከዙን አየሁት፤
የአፍንጫውን ጫፍ በጣቴ ተጭኜ ለቀቅሁት፤
ደሙ ሸሽቶ እስኪመለስ ባለችው ቅጽበት
ከሥሩ የታየኝ የፓፓያ ሥጋ ነው፣ ቢላ እንደገባበት።
ገና ሦስተኛ ቀኑ።
«አይነጫነጭ፣ ጡት ስጡኝ ብሎ አያስቸግር፤
ጨዋ ልጅ ነው የኛው» አክስቱ ስትናገር፣
እኔ የፈራሁት ጨዋነቱን ነበር።

ከሰማያዊው መብራት ሥር ራቁቱን አስተኝቼ፣
ዓይኑን በጨርቅ ጋርጄ፣
ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ፣ ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ።
«ከእናት ወገን የሚመጡ አጋላጭ ሁኔታዎች»፤
ሃያ ሁለት ጥያቄ። አዎ ወይም አይደለም፤
«እንጃ» ለሚል ሰው የተተወ ቦታ የለም።

ሞሮንኬ ከፊቴ፣
ወተቷ ቀሚሷ ላይ ሁለት ክብ ሥሎ፣
እንደ ተከሳሽ ናት፤ ቃሏ አንሶ፣ ድምፅዋ ዝሎ።
«የደምሽ ዓይነት?»
«ኦ» አለች፤ የሰረቀችው ይመስል።
«የባልሽስ?» «እንጃ፤ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ካኖ መንገድ ላይ ነው፤
ፓስተሩ ሲያጋባን ያስመረመረን ሲክል ሴል ብቻ ነው።»
«ስኳር፣ በእርግዝናሽ?» «አልነበረብኝም።»
«ምጥ የሚያፋጥን መድኃኒት?» «ሰጥተውኛል፤ ስሙን አልነገሩኝም።»
«ወሩ ሞልቶ ነው?» «ሦስት ሳምንት ቀድሞ።»
«ከዚህ በፊት የወለድሽው፣ በወፍ በሽታ የታመመ?»

መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ተነሣ።

«አንዲት ነበረች» አለች። «ስም የምናወጣው
በስምንተኛው ቀን ነው።
ስድስት ቀን ኖረች።»
ያቺ ወፍ፣ አልሁ በልቤ፣ የጎጆውን መንገድ መች ረሳች፤
አንዷን ይዛ በርራ፣ ሁለት ዓመት ቆይታ፣ ለወንድሟ መጣች።

አሥራ ዘጠነኛው፦ «ልብሱን ምን ውስጥ አኖርሽው?»
እዚህ ጋ ፊቷ በራ፤ የምትኮራበት መልስ ነበራት፤
የቆርቆሮ ሣጥን፣ የዚያች የእኅቱ ልብስ ያለባት፤
ሹራቧ፣ ቆቧ፣ ጣት የምታህል ካልሲዋ፣
ብል እንዳይደርስበት
ነጫጭ የናፍታሊን ኳስ በየእጥፉ ጠቅጥቃ።
በተወለደ ለታ አውጥታ አለበሰችው።
«እንደ አዲስ ነው፤ እስቲ አሽትቺው።»

አሸተትሁት።

እንዴት አድርጌ ልንገራት? ያ ሽታ በትንፋሽ፣ በቆዳ ሾልኮ
ደመ ደካማ ሕፃን ሲያገኝ ቀዩን ደም እንደሚያፈርሰው፤
ብል ያልበላው ልብስ፣ ራሱ ብል ሆኖ፣ ለባሹን እንደሚበላው?
ሌላ ሣጥን ነበር፣ ወረቀቱ ላይ፣ «አዎ» የሚል፣ የጥፍር ያህል።
ምልክት አደረግሁበት።

ከዚያ ቅጹን ገለበጥሁት። ጀርባው ባዶ ነው። ጻፍሁበት፦
አራት ጊዜ ለክትትል መጥታለች፤
አራቱንም ጊዜ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፋለች፤
መዘንናት፤ ሆዷን ለካን፤
ደሟ ኦ መሆኑን ካርዷ ላይ ጽፈን መልሰን አስያዝናት፤
ስለ ሣጥኑ ያነሣ የለም። ስለ ሞተችው የጠየቃት የለም።
ያልጠየቃት ሁሉ ስሙ ይመዝገብ ቢባል
አንደኛው መስመር ላይ የእኔ ስም ይጻፋል።

ጎሕ ሲቀድ አክስቲቱ ልብሱን በሙሉ አጥባ
አጥሩ ላይ አስጥታዋለች፤
ካልሲዎቹ በአቧራው ነፋስ ይራገጣሉ።
ሐኪሙ ውጤት ይዞ መጣ፤ ቁጥሩ ከማታው
ጥቂት፣ እጅግ ጥቂት ወርዷል፤
«ደሙን እንቀይር» ያለው ነገር እስከ ቀትር ይቆያል።
እንዲህ እያለ ሳለ ሕፃኑ ጮኸ፤
ያለ ጨዋነት፣ ያለ ይሉኝታ፣
የተኙትን አሥራ አንድ ሕፃናት ቀስቅሶ፣ ክፍሉን አንድ አድርጎ ጮኸ።
አክስቱ አፈረችበት።
ሞሮንኬ ግን ወተቷ ወረደ፣ ሳትጠራው፣ ሳታዘው።

ቅጹን ፋይሉ ውስጥ ሳስገባ አንድ መስመር ባዶ ቀርቷል፤
«የሕፃኑ ስም» ይላል።
አራት ቀን ይቀረዋል።