ምንጭ ያስፈልጋል

አፉላ ላይ መሽቷል። ከሸለቆው ማዶ
የባቡሩ መብራት እንደ ክር ተመዞ፣ ሄዶ።
አጎቴ አባ አዛናው ራስጌውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተኝቷል፤
እኔ ከግርጌው ነኝ፤ ኮምፒውተሩ ጉልበቴን ያሞቃል።

አራት መስመር ናት ዊኪው ላይ የጻፍኳት፣
ስለ ሾላ ውሃ፣ ስለ መንደራችን፣ ካርታ ስለረሳት።
«ሾላ ውሃ ስሟን ያገኘች ከምንጭ ነው» ብዬ ጀመርኩ፤
ሳልጨርስ፣ አንድ የማላውቀው ሰው፣ በትንሽ ቅንፍ፣
ከዓረፍተ ነገሬ ጫፍ፣
«ምንጭ ያስፈልጋል» ብሎ ሰካበት።

አልተቀየምኩም። እኔም ስንቱን ሰው እንዲሁ አስጨንቄያለሁ፤
«ማን አለ? የት ታተመ? ገጹ ስንት ነው?» እያልኩ ሰርዣለሁ።
የአንዱን አያት ጀግንነት፣ የሌላውን ደብር ዕድሜ፣
ግርጌው ላይ ቁጥር ካጣሁ፣ አጠፋሁ ደጋግሜ።

አሁን ተራዬ ነው።
«አባ፣ ምንጩን ይጠይቃሉ» አልኩት ወደ ጆሮው።
«ከሾላው ሥር ነው» አለ ዐይኑን ሳይገልጥ፤
«ከጥቁሩ ዓለት ስንጥቅ። በበጋ የጣት ያህል፣ በክረምት የክንድ።
እናቴ ገንቦዋን የምታስደግፍበት የተቦረቦረ ድንጋይ አለ፤
ግራኝ ነበረች፣ ጉድጓዱም ወደ ግራ ያጋደለ።»
«እሱን አይደለም» አልኩት። «መጽሐፍ ነው። የታተመ።»
«ጠጥቼዋለሁ እኮ» አለ። ዝም አለ። ደከመ።

ከብርድ ልብሱ እግሩ ወጥቷል። ተረከዙ ላይ
የመተማ እሾህ የጻፋት አንዲት መስመር አለች፤
ማንም ቁጥር አልሰጣትም፤ ካልሲ ውስጥ ትኖራለች።

ረቡዕ ፈቃድ ጠይቄ ኢየሩሳሌም ወጣሁ፣
ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ከብርዱ ጋር ተቀመጥሁ።
ኦርና፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት፣
ጀርባው የላላ መጽሐፍ ይዛልኝ መጣች፣ በሁለት እጇ፣ እንደ ትኩስ ሸክላ ድስት።
የአንድ ቀያሽ የጉዞ ማስታወሻ ነው፤ በበቅሎ ያለፈ ፈረንጅ።
ገጽ 212፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ሹሉሃ። ሰባት ጎጆ። ቀጥቃጮች። ምንጭ የለም።»

ምንጭ አገኘሁ፤ ምንጩ «ምንጭ የለም» አለኝ።
ልሣቅ ወይስ ላልቅስ፣ ግራ ገባኝ።
«አገኘሽ?» አለች ኦርና። «አገኘሁ» አልኳት፤ ገጹን ፎቶ አነሣሁ፤
አውቶቡስ ውስጥ ደግሜ ሳነብበው መውረጃዬን ረሳሁ።

አባ አዛናው ሲሰማ ሣቀ። ሳል እስኪይዘው ሣቀ።
«ያ ቀዩ ሰውዬ! ገመድ የሚዘረጋው! እስካሁን አላወቀ?
ከኋላው የገዢው ወታደሮች ነበሩ ከነበቅሎዎቻቸው፤
ውሃ ያገኙበት ይሰፍራሉ፣ ጎተራ ሳያራግፉ አለመነሣት ልማዳቸው።
ዋዜማውን ሌሊት ምንጩን በቅጠል ከደንነው፤
አፈር አለበስነው፣ ፍየል አስተኛንበት። ቅጠሉን የለቀምኩት እኔ፣ ስድስት ዓመቴ ነው።
ሲጠይቃት እናቴ ‹ምንጭ የለንም፣ ጌታዬ› አለች፤
ገንቦዋን ከጀርባዋ፣ እንዲህ አድርጋ፣ በግራ እጇ ይዛ ነበረች።»

ታዲያ ምን ልጻፍ?
የተታለለው ሰው ቃል ታትሟል፤ ይገባል።
ያታለለው ልጅ ከፊቴ ተኝቶ ያስላል።

ቁጥር አንድን ከግርጌ አኖርኩ፤ የሰውየው ስም፣ ዓመት፣ ገጽ።
«ቀያሹ ምንጭ እንዳላየ ጽፏል» አልኩ።
እውነት ነው፤ አላየም።
ያንን ቅንፍ ግን አልነቀልኩትም፤ ይቆይ እዚያው ተሰክቶ፣
እንደዚያ ሌሊት ቅጠል፣ ከውሃው አፍ ላይ ተኝቶ።

እኩለ ሌሊት ላይ ነቃ።
«አገኙት እንዴ?» አለኝ።
«አላገኙትም» አልኩት።
«እሰይ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።