የአስተርጓሚው ቃል

እኔ አላየሁም። ያየው ሁንዴ ነው፤
ከሰንዳፋ ማዶ፣ ሽምብራ ሲዘራ፣ ሐሙስ ያገኘው።
እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ሁለት ቋንቋ አለህ ብለው
መርማሪዎቹ ወሰዱኝ፣ ጠመኔዬን ከእጄ አስጥለው።

ማሳው በቢጫ ጥብጣብ ታጥሯል፤
መሐሉ ላይ ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ ውኃ ቋጥሯል።
ዙሪያውን ትንንሽ ባንዲራ፣ በየባንዲራው ቁጥር፤
አንዱ ሥር የሕፃን ጫማ፣ አንዱ ሥር የወንበር ብሎን፣
አንዱ ሥር ምንም፤ አፈር።

«መጀመሪያ ምን ሰማህ? ድምፁን ነው ወይስ ያየኸው ጭሱን?»
ሁንዴ ጥቂት ቆየ፤ ዘር የያዘ ይመስል ጨበጠ ባዶ እጁን፤
ከዚያ በኦሮምኛ፣ ለራሱ እንደሚነግር፣ አንድ ቃል ብቻ፦
«ጨሊሴ።»

ዝም አለ ማለቱ ነው። ማን ግን ዝም አለ?
ሰማዩ? ወፉ? በሬው? ወይስ ራሱ ሁንዴ፣ ከነዘሩ እንዳለ?
ባለቤቱ ግሡ ሆድ ውስጥ ተደብቋል።
መጠየቅ ነበረብኝ። የሦስት ሰው ብዕር አየር ላይ ይጠብቃል።
«ሞተሩ ዝም አለ» አልኩ።
ሞተሩን እኔ ጨመርኩ።

በሳምንቱ የሟች ዘመዶች በአውቶቡስ መጡ፤
አንዲት ሴት አፈር በፌስታል ቋጠረች፤ ሌሎቹ ከአውቶቡሱ አልወጡ።
ሁለት ክረምት አለፈ። ሣጥኑ ባሕር ማዶ ተፈታ፤
ጥቁር ይሉታል፣ መልኩ ብርቱካን ነው፤ ውስጡ የሁለት ሰው ጨዋታ፣
ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጅ ጥርስ፣ ከዚያ አንዲት «እ?»
ከዚያ ወዲያ የለም።

ሪፖርቱ ዘጠና አራት ገጽ ነው። ስልሳ ሰባተኛው ላይ እንዲህ ይላል፦
«ሞተሮቹ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ሠርተዋል፤
የዓይን እማኙ ቃል ከመረጃው ጋር ስለማይጣጣም ተትቷል።»
የዓይን እማኙ ቃል! የኔው ናት እንጂ፣ ከጥርሴ ያመለጠች፤
የሁንዴ እውነት በኔ ሞተር ተመትታ ወደቀች።
መጨረሻው ገጽ ላይ፦ «መንስኤው አልታወቀም»፣
ማኅተም፣ ፊርማ፣ ሌላ የለም።

ይዤለት ሄድኩ። ጥብጣቡን ፀሐይ አንጥታዋለች፤
በውስጡ ወፍ ዘራሽ ሽምብራ፣ ማንም ሳያጭዳት ገርጥታለች።
«ምን አገኙ?» አለኝ፤ ዓይኑ አፌ ላይ ነው።
መጨመር ፈራሁ። መቀነስም ያው ነው።
ያን ቀን ከእሱ የወሰድኩትን ቃል፣ ሳልነካካ መለስኩለት፦
«ጨሊሴ።»

ሁንዴ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።
«ማን?» አለኝ።